በዓል ሲያልፍ የሚጠፉ ለጋሾች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ገንዘብ ማሰባሰብ ናቸው። አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ቦታውን ወስዷል፤ ሌሎቹ ቅር እንዳይላቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አምስት ሆነን የጀመርነው ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለን፤ ፈቃድም አውጥተናል። ጧሪ የሌላቸውን፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድን ገላቸውን እናጥባለን፣ ልብሳቸውን እናጥባለን፣ ምግብ እናደርሳለን። ለገናና ለፋሲካ ሰዉ ዶሮውን፣ ዘይቱን፣ ዱቄቱን ይዞ ይጎርፋል። ማስቀመጫ እስክናጣ ድረስ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የሳሙና መግዣ የለንም። ዘንድሮ «በወር 200 ብር» ብለን ቋሚ ለጋሾች መመዝገብ ጀመርን። 60 ሰው ተመዘገበ። በሦስተኛው ወር ያስገቡት 20 ብቻ ናቸው። መክፈል ካልፈለጉ ለምን ይመዘገባሉ? እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንም አልዋሸሽም። ሰው ሲመዘገብ ከልቡ ነው። ቅጹን ሞልቶ እንደወጣ ግን የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ እና የናንተ 200 ብር እዚያው ከጭንቅላቱ ይወጣል። ከቀሩት ሰዎች አብዛኞቹ የረሱ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወሩ ሲገባ ለእነዚህ ሰዎች የሚደውለው ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ። «ሁላችንም» ካልሽኝ ማንም የለም ማለት ነው።

በየወሩ ማዋጣት እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እዚያው እናንተ ብሎክ ውስጥ ያለ ሰው ለእድሩ ይከፍላል፣ እቁብ ይጥላል፣ ማኅበር ይጠጣል፣ ሰንበቴ አለው። ስለዚህ «ሕዝባችን በቋሚነት መስጠት አልለመደም» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ለምዷል። ግን እድር የሚቆመው በፍቅር ብቻ አይደለም። ያልከፈለ ይቀጣል፣ ከደጋገመ ይሰረዛል። የከፈለ ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣበት ድንኳኑና ወንበሩ ደጁ ላይ ይደርስለታል። የናንተ ለጋሽ ሁለቱም የለውም። አትቀጡትም፣ ድንኳንም አትተክሉለትም። ከእድሩ የምትወስዱት እንግዲህ ደብተሩን ነው። ቅጣቱን እዚያው ተዉት።

ደብተር ስል የምር ደብተር ማለቴ ነው። ኤክሴል የሚችል ካለ በኤክሴል፣ ካልሆነ መስመር ያለው ትልቁ ደብተር ይበቃል። ስም፣ ስልክ፣ ቃል የገባው መጠን፣ የሚከፍልበት ቀን፣ በምን እንደሚልክ፣ መጨረሻ የከፈለው መቼ እንደሆነ። ከጎኑ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ፤ «ሥራ ለቋል፣ ከጥር በኋላ ደውሉ»፣ «እናቱ ታመዋል» የሚለው እዚያ ይጻፋል። ይህን ደብተር አንድ ሰው ይያዘው። ከመካከላችሁ በጣም ተናጋሪውን አትምረጡ፤ ስም የማይረሳ፣ ስልክ ማውራት የማይሰለቸው፣ ዝምተኛም ቢሆን የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ፈልጉ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ቢሰጥ ለ60 ሰው በቂ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ብዙ ድርጅት የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሲመዘገብ «ስንት?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ «ደመወዝዎ መቼ ይገባል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁም። የመንግሥት ሠራተኛው በኛ ወር መጨረሻ ገደማ ይከፈለዋል። ባንክ ቤት ወይም ድርጅት የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ወር ነው። ሚኒባስ የሚነዳው፣ ሱቅ ያለው፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው የወር ደመወዝ የሚባል ነገር የላቸውም፤ እነሱን በወር 200 ከምትጠይቂ በሳምንት 50 ብትጠይቂ ይቀላቸዋል። ሁሉንም «በወሩ መጀመሪያ ያስገቡ» ካልሽ ግማሹን ኪሱ ባዶ በሆነበት ቀን ነው የምትጠይቂው።

ከባንክ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቋሚ ትዕዛዝ የሚባለውን ታውቂው ይሆናል፤ ለጋሹ ባንኩ ሄዶ አንድ ጊዜ ይፈርማል፣ ከዚያ ባንኩ ራሱ በየወሩ ከሒሳቡ ወደ ሒሳባችሁ ያስተላልፋል። ማስታወስ አያስፈልገውም። ምርጡ መንገድ ይሄ ነው፣ ግን ባንኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የኛ ወር መባቻ በፈረንጆቹ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ይዋልላል፦ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ይውላል፣ ጥቅምት 1 ደግሞ ኦክቶበር 11 ወይም 12 ላይ። ስለዚህ ለመንግሥት ሠራተኛ ቋሚ ትዕዛዙን በፈረንጆቹ 12ኛ ቀን ላይ አስደርጉት። በየትኛውም ወር ቢሆን ያን ጊዜ አዲሱ የኛ ወር ገብቷል፣ ደመወዙም ገብቷል። ከዚያ በፊት ከሆነ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ይገኝና ሳይተላለፍ ይቀራል፤ ለጋሹ ከፍያለሁ ብሎ ተቀምጧል፣ እናንተ ቀረ ብላችሁ ታዝናላችሁ። ጳጉሜን ላይ አትጠይቁ። ለአምስትና ለስድስት ቀን ደመወዝ የለም፣ ከፊት ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ። መስከረምም ያው ነው፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ወር ነው። አዲስ ምዝገባ መጀመር ካሰባችሁ ጥቅምትን ወይም ኅዳርን ጠብቁ።

ሰዉ የራሱ ቀንም አለው። በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን የሚዘክር ስንት ሰው አለ። «በማርያም ቀን አስገባለሁ» ካለሽ እሱን ጻፊ፤ ያን ቀን አይረሳውም። ሙስሊም ለጋሾቻችሁ ደግሞ አርብ ላይ ሰደቃ ማድረግ ይወዱ ይሆናል፤ ጠይቋቸው። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል፤ አምና በዚህ ወር ነበር ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ቀኑን ሰውየው ይምረጥ ነው ነገሩ።

መጠኑንም ለሁሉም 200 አታድርጉት። 50 ብር የሚችል ሰው አለ፣ አፍሮ ነው የማይመዘገበው። 500 የሚችል ደግሞ 200 ከጠየቃችሁት 200 ነው የሚሰጣችሁ። ባለፈው ወር የገዛችሁበትን ደረሰኝ አውጡና አስሉት፦ ለአንድ ሰው የወር ሳሙና ስንት ሆነ፣ የአዋቂ ዳይፐር ስንት ሆነ፣ እንጀራው ስንት ሆነ። ያንን ንገሯቸው፣ ሰው የሚገዛውን ነገር ሲያውቅ መጠኑን ራሱ ይመርጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እኚህ እናት የእርስዎ ናቸው» ብላችሁ አንድ ለጋሽን ከአንድ አረጋዊ ጋር አታስተሳስሩ። ትልልቆቹ የውጭ ድርጅቶች ልጅ በማሳደግ ሥራ ላይ ይህን ያደርጉታል፤ ወርልድ ቪዥን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከኮሪያ ጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች ተነስቶ፣ በዚህ መንገድ ሰፍቷል። ልጅ ያድጋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። የእናንተ ሰዎች ግን በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ሲያርፉ ለጋሹም አብሮ ያርፋል። ፎቶውንም ተዉት። ገላቸውን ሲታጠቡ የተነሱ እናት ቲክቶክ ላይ ሲዞሩ ሳይ ያመኛል፣ የገባው ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን። የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አንሱ፣ ዳይፐሩ ተደርድሮ አንሱ፣ በቂ ነው።

ደብተር ያዡ ሲደውል ምን ይበል? እንዲህ ቢል፦ «ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ ከአረጋውያኑ ድርጅት ነው የምደውለው። የባለፈው ወር ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ሳሙናውን ገዝተንበታል። የዚህን ወር እንደተለመደው ነው ወይስ ይለፈኝ ይላሉ?» ያቺ «ይለፈኝ» የምትለዋ ነገር ዋናዋ ናት። ሰው አንድ ወር ሲያልፈው ያፍራል። ሲያፍር ስልክ አያነሳም። ስልክ ካላነሳ ጠፋ። እረፍት መውሰድ እንደሚችል አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ግን ሁለት ወር ዘሎ ይመለሳል።

ለገና ዘይት ይዘው የሚመጡትን አትናቋቸው፤ ከማንም በላይ ለቋሚ ለጋሽነት የቀረቡት እነሱ ናቸው፣ ቤታችሁን ያውቁታል፣ ሽታውን ያውቁታል። ዘይቱን ስትቀበሉ ስምና ስልክ ውሰዱ። እዚያው በዓሉ ላይ ግን በየወሩ ስጡ አትበሏቸው። ጥምቀት ይለፍ፣ የጥር ደመወዝ ይግባ፣ ከዚያ ደውሉ።

የመሥሪያ ቤት ደመወዝም ሌላ በር ነው። ሕዳሴ ግድብን አስቢው። መጋቢት 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠው በአንድ ጊዜ አልነበረም፣ በ12 ወር ተከፋፍሎ ከደመወዙ እየተቀነሰ ነበር። በ8100 አጭር መልእክት የላከው ደግሞ ስልኩ ላይ ካለው ሒሳብ። ሁለቱም ገንዘቡ እጅ ሳይገባ ነው የሚወሰደው። በእናንተ በኩል አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ስንት ፋብሪካና መጋዘን አለ። አንዱን የሰው ኃይል ኃላፊ አናግሩ፤ የፈለገ ሠራተኛ ብቻ ፈርሞ 20 ወይም 30 ብር ይቆረጥለት። የፈለገ ብቻ ነው ያልኩት። አለቃው በግድ ካስፈረመ በስማችሁ ነው የሚረገመው።

በመጨረሻም እቅዳችሁን በ20ው ሰው ላይ አድርጉ። 60 በ200 ሲባዛ 12,000 ይሆናል፣ ደስ ይላል፣ ግን እጃችሁ ላይ ያለው 4,000 ነው። ሦስት ወር በተከታታይ የከፈለን ሰው ብቻ ቁጠሩ። ሌላው ሲመጣ ትርፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የካ አባዶ ነው የምኖረው። ለአንድ የሰፈራችን የልጆች መርጃ በየወሩ 100 ብር እሰጥ ነበር። ታምሜ ሁለት ወር አለፈኝ። ከዚያ በቴሌግራም ግሩፑ «ያልከፈሉ አባላት» ብለው ስሜን በቀይ ለጠፉት። ያስተማርኳቸው ልጆች ያሉበት ግሩፕ ነው። ወጣሁ። አሁን ባለቤቴ «ልጆቹ ምን አደረጉህ?» ትለኛለች። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተሳሳቱም። በመጀመሪያ እግዜር ይማርዎት። የሰጡት በፈቃድዎ ነው፤ ዕዳ የለብዎትም። ዕዳ ያልሆነ ነገር ደግሞ «አልከፈለም» ተብሎ አይለጠፍም። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፋት ላይኖርባቸው ይችላል፣ እድር ላይ ስም ሲጠራ አይተው ያደጉ ናቸው፣ ልዩነቱን አላሰቡበትም። ግን ከላይ ለቱሉ ዲምቷ እህት የጻፍኩትን ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል።

ባለቤትዎም አልተሳሳቱም፣ ልጆቹ ምንም አላደረጉም። ለገንዘብ ያዡ ይደውሉለት፣ በስልክ፣ በግሩፑ አይደለም። «ታምሜ ነበር፤ 100 ብሩን እቀጥላለሁ፤ ስሜ ግን ከዚህ በኋላ የትም እንዳይለጠፍ» ይበሉት። እሺ ካለ በቀጥታ በሒሳቡ ያስገቡ፣ ግሩፑ ውስጥ መመለስ የለብዎትም። እሺ ካላለ አካባቢዎ ሌላ ችግረኛ ልጅ አይጠፋም፣ ደብተር ገዝተው ይስጡ። አስተማሪ አይደሉ።

ጥያቄ፦ ጀሞ ነው ያለነው። አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸውን እናቶች እንረዳለን። አሜሪካ ያሉ ጓደኞቻችን በየወሩ 10 ዶላር መስጠት ይፈልጋሉ፣ 15 ይሆናሉ። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበትን ጎፈንድሚ እንክፈት ወይ? ቃል የሚያስገቡትስ በብር ነው በዶላር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎፈንድሚ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይከፍልም፤ እዚያ ያለ ሰው በራሱ ስም ከፍቶ መላክ አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ለታክስና ለሐሜት ይጋለጣል። 15 ሰው ብቻ ከሆናችሁ ነገሩን አታወሳስቡት። ከእነሱ መካከል አንዱ ሰብሳቢ ይሁን፣ በሦስት ወር አንዴ አጠራቅሞ በባንክ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይላከው። በየወሩ ቢልክ የመላኪያው ክፍያ ይበላዋል። ሰብሳቢው የገባውንና የላከውን ለ15ቱም በአንድ መልእክት ያሳውቅ፣ ከእናንተም ደረሰኝ ይድረሰው።

መጠኑ ትንሽ ነው ብለህ አትፈር። በ2010 ለዳያስፖራ ትረስት ፈንድ፣ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ለሚያዋጡበት ቋት፣ የቀረበው ጥሪም በቀን አንድ ዶላር ነበር፤ በአንድ ቡና ዋጋ ማለት ነው። ውጭ ያሉ ድርጅቶችም በዚሁ ነው የሚኖሩት። እኛ አገር ውኃ የሚያስቆፍረው ቻሪቲ ዋተር እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘ ስፕሪንግ» ብሎ የወርሃዊ ለጋሾች ማኅበር አቋቁሟል፣ በትንሽ በትንሽ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። እዚያ ያለው ትልቁ ራስ ምታት የባንክ ካርድ ነው፦ ካርዱ ጊዜው ያልፋል ወይ ይጠፋል፣ ክፍያው ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል፣ ሰውየው የሚያውቀው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሰብሳቢያችሁ ካርድ በሚቀበል መንገድ ከሰበሰበ የካርዱን ማብቂያ ወር ከስሙ ጎን ይጻፍና አንድ ወር ቀደም ብሎ ይደውል።

በዶላር ቃል ይግቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተገባ ቃል ለእነሱ በየጊዜው እያነሰ ነው የሚሄደው፣ ለእናንተም መግዣው ያጥራል። ዶላሩ በብር ሲበዛ ደግሞ ትርፍ መጣ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ከውጭ የሚገባው ዳይፐርና መድኃኒትም አብሮ ጨምሯል።

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ ነው። ሰባት ጓደኛሞች በየወሩ ከሰፈር ሰው እየሰበሰብን ለችግረኛ ተማሪዎች እንሰጣለን። ገንዘቡ በአንዳችን ሒሳብ ነው የሚገባው፣ በቴሌብርም ይመጣል። በጣም ታማኝ ልጅ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከ2013 ጀምሮ ቴሌብር፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኤምፔሳ ስለመጣ ገንዘብ መሰብሰብ ቀሏል፤ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ይበቃል፣ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ልጁ ታማኝ ነው ብላችኋል፣ ይሁን። ታማኝ ሰውም ይታመማል፣ ስልኩ ይሰረቃል፣ ይሞታል። ያን ጊዜ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ የተማሪዎቹ መሆኑን ለወራሾቹ የሚያስረዳ ወረቀት የላችሁም።

በቋሚነት ከሕዝብ መሰብሰብ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝገቡ። ከእሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ጥብቅነት ቀንሷል፣ እንደ ድሮው አትፍሩ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ይሆናል፣ ፈራሚም ከአንድ በላይ አድርጉ። አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ይላል፤ የእናንተ ወጪ የታክሲና የስልክ ካርድ ስለሆነ አያሳስባችሁም፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ጻፉት።

ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ከሰባታችሁ የሚዋጣውን ብቻ ያዙ፣ ከሰፈሩ መሰብሰቡን አቁሙት። እስካሁን የገባውንና የወጣውን ቁጭ ብላችሁ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና ሰባታችሁም ፈርሙበት። ልጁም ደስ ይለዋል፤ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው የተሸከመው።